ባቡር የሚያልፍበት ማድ ቤት

ቬሊያማ የሰማችው በመታጠቢያ ቤቱ ቆርቆሮ በኩል ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ፊቷን ልትታጠብ ገብታ ከበርሜሉ ውሃ እየጨለፈች ሳለ፣ ከቆርቆሮው ማዶ ካለው ልብስ ማጠቢያ የጎረቤቷ የሳሮጂኒ ድምፅ መጣ። ሳሮጂኒ የሰፈሩ ቤተ መቅደስ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ በሹክሹክታ ያወራች ሲመስላት እንኳ ድምጿ ሁለት ቤት ይሻገራል። «ባቡሩን የምንቀበልበትን ትሪ የምትይዢው አንቺ ነሽ፣ ፕሬሚላ» ትላለች። «ባልሽ በሕይወት አለ፣ ልጆች ወልደሻል፣ ግንባርሽ ላይ ቀዩ ነጥብ አለ። አማትሽ ግን ቤቷ ትቆይ። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ሥርዓት ነው። ባል የሞተባት ሴት አዲስ ነገር ሲጀመር ፊት ለፊት አትታይም። ባቡሩ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የሷ ሆኖ ከሐዲዱ ቢወጣስ? ማን ሊጠየቅ ነው?» ቬሊያማ የልጇ ሚስት የምትመልሰውን ለመስማት ጣሳዋን አየር ላይ ይዛ ቆመች። ፕሬሚላ «እኔ በምን አፌ ልንገራት?» አለች። «ምን ያስቸግራል?» አለች ሳሮጂኒ። «እንግዳ ስላለ ምሳው ባንቺ ነው በያት። ማድ ቤቷ ትቀመጥ።»

ቬሊያማ ጣሳውን ቀስ ብላ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችው። ባሏ አርሞጋም ከሞተ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሠርግ ቤት ስትሄድ ወደ ኋላ ወንበር፣ ልጅ ስም ሲወጣለት ወደ ጓዳ መባሉን ለምዳዋለች። ሙሽራን ለመመረቅ እንኳ ሌሎቹ ሴቶች እስኪጨርሱ ቆማ ትጠብቃለች፤ ይሁን ብላ ኖራለች። ዛሬ ግን ከነከናት። ዛሬ የሚመረቀው የሰው ሠርግ አይደለም፤ እሷና ባሏ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲስቅባቸው የጠበቁት ሐዲድ ነው። ደግሞ ያቆሰላት የሳሮጂኒ ነገር አልነበረም፤ የሳሮጂኒን ምላስ ታውቀዋለች። ያቆሰላት ምራቷ «አይሆንም» የምትል አንዲት ቃል አለማውጣቷ ነው።

የሐዲዱን ነገር በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ድሮ ሸንኮራ ከገጠር ወደ ስኳር ፋብሪካው የሚገባው በትንንሽ ባቡር ነበር፤ መስመሩም በፊጂ ያለችውን የላውቶካን ከተማ አቋርጦ በዚህ ሰፈር ጓሮ ያልፍ ነበር። የጭነት መኪና ሲበዛ ይህኛው መስመር ተተወና ሣር በላው። ባለቤት የራቀው መሬት መቼም ቶሎ ዘመድ ያበጃል፤ አንዱ የዶሮ ቤቱን፣ ሌላው ልብስ ማስጫውን፣ ሳሮጂኒ ደግሞ የባሏን መኪና ማቆሚያ ሐዲዱ ላይ አሳረፉ። አርሞጋም ማድ ቤት ሠራ። ግን የሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው ነውና እንደ ሰው አልሠራም። ሁለት በር አወጣለት፣ አንዱን በወዲህ ጫፍ፣ አንዱን በወዲያ ጫፍ፣ ሁለቱም እንደ ጋራዥ በር ወለል ብለው የሚከፈቱ። ጣሪያውን ወደ ሰማይ ሰቀለው። ወለሉን በጭቃ ሲደለድል ሁለቱን ሐዲድ ከነቦታቸው ተዋቸው፤ ምድጃውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ከመስመሩ ውጪ አደረገው። «ይሄ ሁሉ ከፍታ ለሻይ ማፍያ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ባቡሩ ሲመለስ ጣሪያ እንዳይመታ ነው» አለ፣ ሥራውን ሳያቆም። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ልጆች ቬሊያማ ድስት ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር እንደ ባቡር ይጮኹባት ነበር።

የብረት ገዢዎች በመጡ ጊዜም ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ያለውን ሐዲድ እየነቀለ ሲሸጥ አርሞጋም እምቢ አለ። የነሱ የሕንዶቹ ወገን በዓመት አንድ ቀን እንጀራ የሚበላበትን ዕቃ አጥቦ ያከብራል፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን፣ ሹፌሩ መሪውን፣ ነጋዴው ሚዛኑን። አርሞጋም መዶሻውንና ዲጂኖውን እርድ ቀብቶ ሲያበቃ ሐዲዱን ከበር እስከ በር በኮኮናት ዘይት ያሸው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የምታሸው ቬሊያማ ናት፣ ለዚያውም በዓመት አንዴ አይበቃውም ብላ በየወሩ። ብረቱ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። «ባሏን ቀብራ ብረት አገባች» ያለችው ሳሮጂኒ ናት፤ ቀልዱ ሰፈሩን ለአንድ ክረምት መግቦታል።

ታዲያ ቀን አይጥለውም የተባለው መኪና ከተማውን አነቀው። በሸንኮራ ወቅት ከፋብሪካው በር እስከ ገበያው ድረስ ይሰለፋል፣ ሹፌሩ መሪ ላይ ተኝቶ ያድራል፣ ሸንኮራው ተራ ሲጠብቅ ይደርቃል። በመጨረሻ ፋብሪካው የተተወውን መስመር ልመልስ አለ። ዶማና አካፋ ይዘው የመጡትን ሠራተኞች የሚመራው ኢሊሶኒ የሚባል ግዙፍ ፊጂያዊ ነው፤ በጎረምሳነቱ ሥራውን የለመደው በአርሞጋም እጅ ነበር። ወራት ፈጀባቸው። ጥሻውን መነጠሩ፣ የተሸጠውን ሐዲድ በሌላ ተኩ፣ የበሰበሰውን አግዳሚ እንጨት እያወጡ አዲስ አስገቡ፣ ከሥሩ ጠጠር ጠቀጠቁ። የዶሮ ቤቱም የመኪና ማቆሚያውም በጭቅጭቅና በካሳ ተነሣ። ማድ ቤቱ ሲደርሱ ኢሊሶኒ የመለኪያ ዘንጉን በሁለቱ ሐዲድ መካከል አጋደመ፤ አንድ እርምጃ ሄዶ እንደገና አጋደመ፤ እንዲህ እያለ ባንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ። ከዚያ ተመልሶ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አለቃዬ ሞቶም ሥራ አላቆመም» አለ። «እማማ፣ ይሄን ብረት አንነካውም። ከሥሩ ያለውን እንጨት ብቻ እንለውጥልዎታለን።» ከፋብሪካው የመጣው መሐንዲስም ጣሪያውን ለክቶ፣ ከግቢው ማዶ ሌላ እስኪሠራላት ማድ ቤቱ ይቁም አለ። በሰፈሩ ውስጥ ከነቦታው የተረፈ የድሮ ሐዲድ የቬሊያማ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለ ኩራት በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ የዛሬውን የምርቃት ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ቁርስ ላይ ልጇ ቫዲቬል ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ቂጣውን በድንች ይበላል። እሱ የሸንኮራ መኪና ሹፌር ነው፤ ባቡሩ ሲገባ የሱ ጭነት እንደሚቀንስ ለማወቅ መማር አያስፈልገውም። «ያንቺ ሐዲድ የኔን ጎማ በላው» ብሏት ነበር አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ምግቡን እዚሁ ያመጡለታል። እሷም አልፈረደችበትም፤ የልጆች አባት ነው፣ የሚያስፈራው ነገር የእውነት ነው። ፕሬሚላ ሻይ እየቀዳች ዓይኗን ከኩባያው ላይ አላነሣችም። «አማ፣ ዛሬ እንግዳ ስለሚበዛ ምሳው በእርስዎ ቢሆን ብለን ነበር» አለች።

«ብለን?» አለቻት ቬሊያማ።

«ብዬ።» ሻዩ ከኩባያው ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ማድ ቤት እንዲቆዩ። ለምሳው ገበያ ከሄዱ አይቀር ለትሪው አንድ ኮኮናት፣ ለመብራት የሚነድ ካፉርና ቢጫ አበባ ቢያመጡልኝ።»

ቬሊያማ ወደ ልጇ ዞረች። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፣ እሱም ጠዋት የተባለውን ሳይሰማ አልቀረም። ቫዲቬል ቂጣውን ጠቅልሎ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብሎ ያየዋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልተከፈተም። «እሺ» አለች ቬሊያማና ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች።

አውቶቡሱ መስኮቱ ሸራ ነው፤ ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይገባል። ተሳፋሪው ሁሉ ወሬው ባቡሩ ነበር። ሠርግ ይመስል ማን ምን እንደሚለብስ ያወራሉ። ገበያው ውስጥ ባለፈው ሳምንት ሁለት ዶላር የነበረው የደበርጃን መደብ ሦስት ሆኖ ጠበቃት። «ምነው፣ ባቡር ይመጣል ተብሎ ደበርጃንም ተወደደ?» ብትላት ሻጯ «ምን ላድርግ አማ፣ እሱም ለምርቃቱ አዲስ ልብስ ለብሶ ነው» ብላ ሐምራዊውን ቆዳ በመዳፏ ወለወለችላት። ቬሊያማ ሳቀች፣ ሦስት ዶላሩንም ከፈለች። ኮኮናቱን ስትመርጥ ግን እጇ ከበዳት። ለበዓል የሚሰበር ኮኮናት ውሃው ሙሉ መሆን አለበት፤ አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ እያወዛወዘች አዳመጠች፣ የተሰነጠቀውን መለሰች፣ ከሁሉ የሚሻለውን ለየች። እሷ እንዳትታይ በሚደረግበት ሥርዓት ላይ የሚሰበረውን ኮኮናት ራሷ ስትመርጥ መዋሏ ገረማት። ቢሆንም መጥፎውን አልገዛችም። ሐዲዱ ምን አጠፋ?

ኢሊሶኒን ያገኘችው መውጫው ላይ ነው፣ ለመሬቱ ባለቤቶች በክብር የሚቀርበውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያቆና ሥር ተሸክሞ። ቢጫ የሥራ ሰደርያውን አሳጥቦ ለብሷል፣ ሽበቱን ተከርክሟል። «እማማ!» አለ ከሩቅ። «ዛሬ መሻገሪያው ጋ ከሁሉ ፊት ነው የሚቆሙት። ቦታ እንዲይዙልዎ ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ።»

እውነቱን ልትነግረው አፈረች። የቤቷን ገመና ገበያ መሃል አውጥታ ለማን ትሰጣለች? «እኔ ማድ ቤት ነኝ ልጄ» አለችው። «ምሳ አለብኝ።»

ኢሊሶኒ ጥቅሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ቅር ያለው ይመስላል፣ ግን አልተከራከራትም። «እንግዲያ ማድ ቤት እንገናኛለን» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩ የገባት አውቶቡሱ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ማድ ቤት እንገናኛለን። የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ተሰብስቦ፣ መክሮ፣ ዘክሮ፣ ይህችን ሴት ባቡሩ እንዳያያት የት እንደብቃት ብሎ ብሎ ያገኘው ቦታ ማድ ቤቱ ነው! ባቡሩ ደግሞ የሚሄደው በየት በኩል ነው? ሳሮጂኒ ለዓመታት ስትስቅበት የኖረችውን ማድ ቤት ዛሬ ረሳችው ማለት ነው፤ ማድ ቤት ሲባል በሷ ልብ ውስጥ ሴት የሚቀመጥበት ቦታ እንጂ ባቡር የሚያልፍበት አይደለማ። ቬሊያማ ሳቋ አመለጣት። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለላት፤ እሷ ግን ሳቋን በሳሪዋ ጫፍ አፍና እስከ ሰፈሯ ድረስ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሄደ።

ረፋዱ ላይ ግቢው ጭር አለ። ፕሬሚላ አረንጓዴ ሳሪዋን ለብሳ፣ ትሪውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ ማድ ቤቱ ዞር አለችና መንገዷን ቀጠለች። ቫዲቬል ቀደም ብሎ ከሹፌር ጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። ቬሊያማ ምስሩን ጣደች፣ ሩዙን አጠበች። የአውቶቡሱ ሳቅ ቀስ በቀስ ጥሏት ሄደና በምትኩ ፍርሃት መጣ። እሷም እኮ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ያደገች ሴት ናት፤ እናቷም አያቷም እንደ ሳሮጂኒ ነበር የሚያምኑት። እውነት ቢሆንስ? ባቡሩ ፊቷን አይቶ እዚሁ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ ከሐዲዱ ቢወጣስ? እሷን «ገፊ» ቢሏት ትችለዋለች። የአርሞጋም ብረት ነው የጣለው ቢሉስ? ጎንበስ ብላ ሐዲዱ የተያያዘበትን ብሎን አንድ በአንድ በእጇ ነካካች፣ ኢሊሶኒ እንዳጠበቃቸው እያወቀች። ከዚያ ተነሥታ ባቡሩ የሚመጣበትን በር ዘጋችው። ማድ ቤቱ ጨለመ።

በጨለማው ውስጥ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ከመሻገሪያው የሚመጣውን ከበሮ አዳመጠች። ኮኮናቱ ሲሰበር ሕዝቡ እልል አለ። ጥሩ ኮኮናት ነበር። በሩ ላይ አፈጠጠች። አርሞጋም ይህን በር የሠራው በእረፍት ቀኑ ነው፣ ማጠፊያውን ሦስት ጊዜ እያፈረሰ፣ የሚስቁበት ሰዎች አጥር ላይ ተደግፈው እያዩት። አንድ ቀን ተቆጥቶባቸው አያውቅም። «ሰውዬው ይሄን በር የሠራው እኔን ሊደብቅበት ነው?» አለች ቬሊያማ ድምፅ አውጥታ። ያኔ ፍርሃቱ ሳይሆን ንዴቱ አሸነፈ፤ ደህና ንዴት፣ ወገብ የሚያቀና ንዴት ነበር። ብድግ ብላ የበሩን ሁለት ክንፍ ወለል አድርጋ ከፈተችው። የማዶውንም ከፈተች። ዱካዋን አምጥታ በሁለቱ ሐዲድ መካከል፣ የማድ ቤቱ እምብርት ላይ አስቀመጠች፣ የደበርጃኑን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ መክተፍ ጀመረች።

ባቡሩ በሰው እርምጃ ነበር የሚመጣው። ከፊቱ ኢሊሶኒ ቀይ ባንዲራ ይዞ ይራመዳል፣ በከተማ ውስጥ ሁሌም ሰው ይቀድመዋልና። ትንሿ ሞተር በአበባ ጉንጉን ተሸፍና ታጉረመርማለች፤ ባዶዎቹን የሸንኮራ ፉርጎዎች ልጆችና ሽማግሌዎች ሞልተዋቸዋል፣ የቀረው ሕዝብ ከኋላና ከጎን ይተራመሳል። ኢሊሶኒ በሩ ጋ ሲደርስ ውስጡን አየ። ባንዲራውን ወደ ላይ አነሣ፤ ባቡሩ ፍሬኑ እያንቋረረ ቆመ። የፊጂ ሰው በተቀመጠ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ አያልፍም፣ ያውም በእናት ፊት፣ ያውም በገዛ ቤቷ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ወገቡን ሰብሮ ከደፉ ላይ ተንበረከከና «ቱሎ፣ እማማ» አለ፤ ይቅርታ፣ ልለፍ እንደማለት ነው። «በቤትዎ ልናልፍ ነው። ካልፈቀዱልን አናልፍም።» የባቡሩ ሹፌርም ባርኔጣውን አወለቀ። ሐዲዱን የጠገኑት ሠራተኞች፣ ፊጂውም ሕንዱም፣ ከኋላው አንድ በአንድ በርከክ አሉ።

ሳሮጂኒ ሰው እየገፋች መጣች። «ምን ቆማችሁ? ሰዓቱ...» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። «ቬሊያማ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ደበርጃን እየከተፍኩ።»

«ሐዲድ ላይ?»

«ማድ ቤቴ ውስጥ። ማድ ቤቷ ትቀመጥ አላልሽም? ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ከፉርጎዎቹ ላይ አንዲት አሮጊት ኪኪኪ አለች፣ ከዚያ ሳቁ ከፉርጎ ፉርጎ እየዘለለ እስከ መንገዱ ደረሰ። የሳሮጂኒ ፊት በርበሬ መሰለ። ቢሆንም ሴትዮዋ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። «ሥርዓት ነው ያልኩት እንጂ ከኔ ጠብ የላትም!» አለች ለሕዝቡ። «ደግሞ የቤቱ አባወራ ልጇ አለ አይደል? እሱ ይፍቀድ! ቫዲቬል የት አለ?»

ቫዲቬል የማንጎው ዛፍ ሥር ከሹፌሮቹ ጋር እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ፣ ሳቁም ጸጥ አለ። ከጓደኞቹ አንዱ «እምቢ በል፤ አንድ ቃል ነው» ብሎ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ቬሊያማ አየች። ቢላዋዋ ቆመ። እምቢ ቢል ምንም ማለት አትችልም፤ የልጆቹን እንጀራ ነው የሚከላከለው። እሺ ቢልም ደግሞ በቤቷና በሐዲዷ የሚናገረው ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፣ እሷ እንደሌለች። ቫዲቬል ያጣመረውን እጁን ፈታ። እናቱን ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ቀልቷል።

«ማድ ቤቱ የሷ ነው» አለ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ደገመው። «ማድ ቤቱም የሷ ነው፣ ሐዲዱም የሷ ነው። ሁላችንም ስንስቅ የጠበቀችው እሷ ናት። እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? እሷን ለምኗት!»

ከዚያ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣ። ለወራት ባልረገጠው ደፍ ላይ ጫማውን አወለቀና ገባ፣ ከእናቱ ጭን ላይ ሳህኑን ተቀብሎ ምድጃው ዳር አስቀመጠ። ቬሊያማ ልቧ ሞልቶ ነበርና ብትናገር ታለቅስ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ አታለቅስም። ፕሬሚላም ተከትላው ገባች። የትሪው መብራት እየተርገበገበ፣ ጎንበስ ብላ የአማቷን እግር ነካች። «አማ፣ ጠዋት አፌ ተያዘ» አለች። «ትሪው የእርስዎ ነው። ይያዙት።»

«ያዢው፣ ላንቺ ነው ያማረው» አለቻት ቬሊያማ። «ግን ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ ሁኚ። ብቻዬን መታየት ሰልችቶኛል፣ ብቻዬን መደበቅም።» ከዚያ ወደ ኢሊሶኒ እጇን ዘረጋች። «አንተ ደግሞ ተነሣ ልጄ፣ ጉልበትህ ያልቃል። ያንን ባንዲራ አምጣ።»

ኢሊሶኒ ባንዲራውን በሁለት እጁ ሰጣት። ቬሊያማ ተነሥታ ዱካውን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችና የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወደ በሩ ወጣች፣ ባቡሩ አፍንጫ ሥር ቆመችና ፊቷን ወደ ሞተሩ ቀና አደረገች፤ ነጥብ የሌለበትን ግንባሯን፣ የተሸበሸበውን ጉንጯን፣ ሁሉንም በደንብ ይየው ብላ። «እለፍ!» አለችው። ዞራም መራመድ ጀመረች። ባቡሩ ተከተላት። ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ጣሪያውን ያያል፤ የሞተሩ ጭንቅላት በቆርቆሮው ሥር ገባ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት ነበር፣ አንዲት ሚስማር ሳይነካ በማዶው በር ብቅ አለ። መንኮራኩሩ በዚያ በሚያበራው ብረት ላይ ሲያልፍ እንደ ሌላው ቦታ አልተንጓጓም፣ ዝም ብሎ ነው የፈሰሰው። «አርሞጋም!» ብሎ አንድ ሽማግሌ ከፉርጎው ላይ ጮኸ፣ ሰፈሩም ያንን ሲስቅበት የኖረውን ስም ተቀብሎ አስተጋባ። ሳሮጂኒ ሳትቀር እጇን ስታጨበጭብ ታየች፤ ልማድ ሆኖባት ከሁሉ በላይ የሚሰማው የሷ ጭብጨባ ነበር።

ቬሊያማ ዞር ብላ አላየችም። ፕሬሚላ በጎኗ፣ ከተማው በሙሉ ከኋላዋ፣ አግዳሚ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየረገጠች ወደ ፋብሪካው በር ትሄዳለች፤ አንገቷ ቀጥ ብሏል። ባሏ ሐዲድ ሲፈትሽ ይራመድ እንደነበረው ነበር የምትራመደው፣ ሳትቸኩል፣ የምትረግጠውን እያየች። ከኋላ ሞተሩ አጉረመረመ። ቫዲቬል በጎን እየሮጠ ደረሰባት፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ጫማውን ደፉ ላይ ትቶታል። «አማ፣ ትንሽ ፈጠን በይ እንጂ!» አላት፣ ፊቱ በሳቅም በእንባም ተበላሽቶ። «ባቡሩ እኮ እየጠበቀሽ ነው!»

«ይጠብቅ» አለች ቬሊያማ። «እኔስ ስጠብቀው አልኖርኩም?»